ደዳን ኪማቲ፦ ጫካ ውስጥ ፓርላማ ያቋቋሙት፣ መቃብራቸው ግን ያልተለየው የኬንያ አማፂያን መሪ

ከመሀል ናይሮቢ በስተሰሜን የሚገኘው ሩንዳ በኬንያ ዋና ከተማ ካሉት እጅግ ውድ የመኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ነው። ዲፕሎማቶች፣ በአጎራባቹ ጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ የውጭ ዜጎች፣ ነጋዴዎችና ፖለቲከኞች በረጃጅም አጥር በተከለሉ ሰፋፊ ግቢዎች ይኖሩበታል። በደቡቡ በኩል የካሩራ ደን ያዋስነዋል። በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደግሞ የካሚቲ እስር ቤት አለ።

የብሪታኒያ ቅኝ አገዛዝ የካቲት 11 ቀን 1949 ዓ.ም (እአአ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957) ማለዳ ደዳን ኪማቲን በስቅላት የገደለው በዚህ እስር ቤት ነው። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ ምልክት በሌለው ጉድጓድ ተቀበረ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀኑ የራሱ ትርጉም አለው። የኪማቲ ሞት የአዲስ አበባ ሕዝብ በግራዚያኒ ወታደሮች የተጨፈጨፈበት የየካቲት 12 ሃያኛ ዓመት ሊታሰብ አንድ ቀን ሲቀረው የተፈጸመ ነበር።

ኪማቲ ሲሞቱ 36 ዓመታቸው ነበር። አገዛዙ ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ ሲላቸው ተከታዮቻቸው ፊልድ ማርሻልና ጠቅላይ ሚኒስትር ይሏቸው ነበር። የተገደሉበት ሳምንት ግን ከሁለቱም ስያሜዎች በላይ ይናገራል። እርሳቸው ከተሰቀሉ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጥቁር ኬንያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወካዮቻቸውን በድምፃቸው መረጡ። (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቡናው መሬት

ሩንዳ የቪላ ሰፈር ከመሆኑ በፊት የቡና እርሻ ነበር። ከናይሮቢ ወደ ኪያምቡ የሚዘልቀው ለምና ቀዝቃዛ ደጋ የኪኩዩ ሕዝብ አገር ነው። ብሪታኒያ በ1895 ምሥራቅ አፍሪካን ጥብቅ ግዛቷ ካደረገችና የሞምባሳው ባቡር ናይሮቢን አልፎ ወደ ኡጋንዳ አቅጣጫ ከተዘረጋ በኋላ ለነጭ ሰፋሪዎች ከታደሉት የመጀመሪያዎቹ መሬቶች መካከል የዚህ አካባቢ ይዞታዎች ይገኙበታል። በ1902 የወጣው የዘውድ መሬት ድንጋጌ ለወረራው ሕጋዊ መልክ ሰጠው። የ1915ቱ ድንጋጌ ደግሞ የሰፋሪዎቹን የሊዝ ዘመን ወደ 999 ዓመት አራዘመው። በተቃራኒው አፍሪካውያን በሕግ ፊት የዘውዱ ጭሰኞች ሆነው ቀሩ።

ከዚያ የተከተለው እርስ በርሱ የተቆላለፈ ሥርዓት ነበር። መሬቱን ያጣ ገበሬ በሰፋሪው እርሻ ላይ ጉልበቱን እየከፈለ ጥግ ይዞ ይኖራል። የጎጆ ግብር በጥሬ ገንዘብ ስለሚጠየቅ ሳይወድ በግድ ለደመወዝ ያድራል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ማንኛውም ጎልማሳ አፍሪካዊ ወንድ «ኪፓንዴ» የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት በቆርቆሮ መያዣ ከትቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲንቀሳቀስ ተገደደ። ወረቀቱ የጣት አሻራውንና የሥራ ታሪኩን የያዘ ነበር። ያለ ቀጣሪው ፊርማ ሥራ ለቆ የሄደ ሰው ወንጀለኛ ነው።

ቡና በትውልድ አገሩ ማንኛውም ገበሬ በጓሮው የሚተክለው ነገር በመሆኑ፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢን ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ክልከላ ሳይሆን አይቀርም። የኪኩዩ ገበሬ በራሱ መሬት ላይ ቡና እንዳይተክል ለአሥርት ዓመታት ታግዶ ቆይቷል። ለእገዳው የተሰጠው ምክንያት የጥራትና የተባይ ቁጥጥር ነበር። እውነታው ግን ሰፋሪዎቹ ተወዳዳሪም፣ በራሱ ቡና የሚተዳደርና ለእነርሱ የማያድር ገበሬም አይፈልጉም ነበር። እገዳው ለኪኩዩ ገበሬዎች በስፋት የላላው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ አመፁ ከፈነዳ በኋላ ነው።

ከማስተማር ወደ መሐላ

ደዳን ኪማቲ በ1920 ኦክቶበር መጨረሻ በኒየሪ አውራጃ ቴቱ በተባለ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸውን አያውቋቸውም፤ ያሳደጓቸው እናታቸውና ዘመዶቻቸው ናቸው። በቱሙቱሙ የስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው እንግሊዝኛ ቢማሩም ትምህርታቸውን በገንዘብ እጦት ሳይጨርሱ አቋረጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ወታደር ሆኑ፤ ከዚያም ጸሐፊ፣ የእርሻ ሠራተኛና አስተማሪ ሆነው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ተዘዋወሩ። በዘመኑ ጥቂት የተማሩ፣ የት እንደሚደርሱ ግን ያልታወቀላቸው ወጣቶች ሕይወት ይህን ይመስል ነበር።

በ1940ዎቹ መጨረሻ የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት አባል ሆኑ። ማኅበሩ በጆሞ ኬንያታ የሚመራ፣ ሰላማዊና ሕጋዊ ትግልን የመረጠ ፓርቲ ነበር። ኪማቲ በቶምሰን ፏፏቴ (በዛሬዋ ንያሁሩሩ) በሚገኘው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል።

የፓርቲው ጥያቄ ምን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በኋላ በጫካ የተሰማው ጥያቄ ሥሩ እዚህ ነውና። በ1948ቱ ቆጠራ አፍሪካውያኑ ከ5 ሚሊዮን በላይ፣ አውሮፓውያኑ ደግሞ 30 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1907 በተቋቋመው ሕግ አውጭ ምክር ቤት አንድ አፍሪካዊ ለመቀመጥ እስከ 1944 መጠበቅ ግድ ሆኗል፤ እርሱም በገዥው የተሾመ እንጂ በሕዝብ የተመረጠ አልነበረም። በ1951 የብሪታኒያ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ናይሮቢን ሲጎበኙ ፓርቲው 12 የተመረጡ አፍሪካውያን ተወካዮች በምክር ቤቱ እንዲገቡ፣ የዘር አድልዎ እንዲወገድ፣ የሠራተኛ ማኅበራት በነፃነት እንዲደራጁና የመሬቱ ጉዳይ እልባት እንዲያገኝ በጽሑፍ ጠየቀ። ጥያቄው ከሥልጣን መጋራት ያለፈ አልነበረም። የተሰጠው መልስ ግን የተሿሚ አፍሪካውያንን ቁጥር ወደ ስድስት ከፍ ማድረግ ሲሆን፣ 30 ሺህዎቹ ሰፋሪዎች 14 የተመረጡ ወንበሮች ይዘው ቀጠሉ።

ብዙ ወጣቶች በአቤቱታ ተስፋ የቆረጡት ከዚህ ወዲህ ነው። በኪኩዩዎች መካከል በምሥጢር ይፈጸም የነበረው መሐላ መንደር ለመንደር ተስፋፋ። ኪማቲም ከቃለ መሐላ አስፈጻሚዎቹ አንዱ ሆኑ። አገዛዙ ንቅናቄውን «ማው ማው» አለው፤ የስሙ አመጣጥ ዛሬም ያከራክራል። ተዋጊዎቹ ራሳቸውን የመሬትና የነፃነት ሠራዊት ብለው ይጠሩ ነበር። ስሙ ሁለቱን ጥያቄዎች ሳይለያይ የያዘ ነው።

በኦክቶበር 1952 አንድ የመንግሥት ታማኝ ከፍተኛ የኪኩዩ ባላባት በናይሮቢ አቅራቢያ በጥይት ተገደሉ። ገዥው ኤቭሊን ቤሪንግ ጥቅምት 10 ቀን 1945 ዓ.ም (እአአ ኦክቶበር 20 ቀን 1952) የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ኬንያታና የፓርቲው መሪዎች በዚያው ሌሊት ታሰሩ። ለድርድር የሚቀመጥ ሰላማዊ መሪ ከውጭ አልቀረም። በቀጣዮቹ ሳምንታት በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ዱር ቤቴ ብለው ወደ ኬንያ ተራራና ወደ አበርዴር ጫካዎች ገቡ። ከእነርሱም መካከል ኪማቲ ይገኙበታል።

ደንቡ፣ መዝገቡና ጠቡ

አበርዴር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣ፣ በቀርከሃና በጉም የተሸፈነ ሰንሰለታማ ተራራ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ዝሆንና ጎሽ በቅርብ ርቀት ይሰማራሉ። አብዛኞቹ ተዋጊዎች ገጀራ ወይም በእጅ የተሠራ ጠብመንጃ የያዙ ሲሆኑ ከውጭ የሚረዳቸው አንድም መንግሥት አልነበረም። በዚህ ቦታ ኪማቲ ከመሣሪያ ባልተናነሰ የተጨነቁት ለወረቀት ነበር። የጫካው ሕይወት ምስክርና የኪማቲ ጸሐፊ የነበሩት ካራሪ ንጃማ በኋላ እንደጻፉት፣ መሪው የውጊያ ዘገባ፣ የአባላት ስም ዝርዝርና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አጥብቀው ያዝዙ ነበር። ደብዳቤዎችን ለባለሥልጣናትና ለጋዜጦች ይልኩ ነበር። ለሚመጣው ትውልድ ታሪኩን የሚጽፍለት ጠላቱ ብቻ እንዳይሆን ሰግተው ይመስላል።

በኦገስት 1953 የጫካው አዛዦች በአበርዴር ትልቅ ጉባኤ አድርገው የኬንያ የመከላከያ ምክር ቤት የተባለ አካል ሲመሠርቱ ኪማቲን ፕሬዚዳንቱ አደረጉ። በ1954 መጀመሪያ ይህ በ12 አባላት «የኬንያ ፓርላማ» ተተካ። አገዛዙ ለአምስት ሚሊዮን ሕዝብ የነፈገውን 12 ወንበር ተዋጊዎቹ በቀርከሃ ጎጆ ውስጥ ለራሳቸው ሰጡ ማለት ነው። ፓርላማው የተዋጊውን አካል የፖለቲካ አመራር ሆኖ ራሱን አቀረበ፤ ከአንድ አውራጃ የሚበልጥ የአገር ስም መረጠ፤ ከብሪታኒያ ጋር የሚደራደር ሕጋዊ አካል እርሱ ብቻ እንደሆነም ተናገረ።

ይህ ተቋም ምን ያህል ፓርላማ ነበር? መልሱን ማጋነንም ማጣጣልም ቀላል ነው። ሠራዊቱ በአብዛኛው የኪኩዩ፣ የኤምቡና የሜሩ ሕዝብ ልጆች ስለነበር «የኬንያ» የሚለው ስም ከእውነታው ቀድሞ የሄደ ምኞት ነው። ትእዛዙ ከአበርዴር ውጭ እምብዛም አይደርስም። ኪማቲ ራሳቸው ጊዜው እየከፋ ሲሄድ ማዕረግ በማዕረግ ላይ መደረብ አበዙ፤ በተቀናቃኞቻቸውና ባጠፉ ተዋጊዎች ላይም የሞት ፍርድ ማስፈጸማቸውን የትግል ጓዶቻቸው ጭምር መስክረዋል። ያም ሆኖ በረሃብና በቦምብ መካከል ሆነው ስለ ምርጫ፣ ስለ ቃለ ጉባኤና ስለ ሥልጣን ክፍፍል የሚከራከሩ ሰዎችን ዝም ብሎ ሽፍታ ማለት ማስረጃውን መካድ ነው።

ክርክሩ መሪዎቹን ለሁለት ከፈላቸው። ስታንሊ ማቴንጌ የተባሉት ታዋቂ የጦር አዛዥ ከጅምሩ የአበርዴር ተዋጊዎች ዋና መሪ ነበሩ። ማቴንጌና ደጋፊዎቻቸው ፓርላማውን የፊደል ቆጣሪዎች ስብስብ አድርገው አዩት፤ እኛ እየሞትን እነርሱ ስማችንን በመዝገብ እየጻፉ ማዕረግ ይከፋፈላሉ አሉ። «ኬንያ ሪጊ» የተባለ የራሳቸውን አካል መሠረቱ። በ1955 መጀመሪያ ይኸው ቡድን ከመንግሥት ጋር የእጅ መስጠት ድርድር ሲጀምር የኪማቲ ፓርላማ ያለ ፈቃዴ የተደረገ ነው ብሎ መሪዎቹን አሰረ። እነርሱ አመለጡ፤ ድርድሩ ፈረሰ። ማቴንጌም ከዚያ ዓመት በኋላ ከዓይን ተሰወሩ። ስለ እርሳቸው የቀረው ወሬ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን የሚነካ ታሪክ ይወልዳል።

የጦርነቱ ዋጋ

ማው ማው ከሰፋሪዎች ይልቅ በብዛት የገደለው አፍሪካውያንን ነው። በማርች 1953 ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ላሪ ተዋጊዎቹ የመንግሥት ታማኝ ቤተሰቦችን ጎጆ በሌሊት አቃጠሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። የመንግሥት ታጣቂዎች በበቀል ከዚያ የማያንስ ሰው ገደሉ። የኪኩዩ ምድር ጦርነት ከቅኝ ገዢ ጋር ብቻ ሳይሆን ወንድም ከወንድም ጋር የተዋጋበት ነው፤ ቁስሉ ሳይሽር የቆየበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የአገዛዙ ምላሽ ግን በሌላ ሚዛን የሚለካ ነበር። በኤፕሪል 1954 በናይሮቢ በተካሄደ ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየተለቀሙ ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የገጠር ነዋሪ ቤቱ ፈርሶ በእሾህና በቦይ በታጠሩ መንደሮች እንዲሰፍር ተገደደ። በዚህም ተዋጊው ስንቅ የሚያቀብለውን ሕዝብ አጣ። በጦርነቱ ዓመታት የተገደሉት የአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ቁጥር 32 ሲሆን፣ የተገደሉት ተዋጊዎች በመንግሥት አኀዝ ብቻ ከ11 ሺህ ይበልጣሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዴቪድ አንደርሰን የፍርድ ቤት መዛግብትን አገላብጠው በስቅላት የተቀጡትን 1 ሺህ 90 አድርሰዋቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተፈረደባቸው ሰው ስለገደሉ አልነበረም፤ መሣሪያ ወይም ጥይት ተገኘባቸው፣ መሐላ አስፈጸሙ፣ ከአማፂያን ጋር ተባበሩ በሚል ነው።

ጦርነቱ ከተራሮቹ ብቻ የሚሰማ አልነበረም። ሩንዳን የሚያዋስነው የካሩራ ደን ዋሻዎች የተዋጊዎች መሸሸጊያ ሆነው አገልግለዋል። ዛሬ የናይሮቢ ነዋሪዎች ቅዳሜና እሑድ የሚንሸራሸሩባቸው እነዚያው ዋሻዎች ናቸው።

የኒየሪ ችሎት

በ1956 የኪማቲ ጭፍሮች ተመናምነው ጥቂት ደርዘን ብቻ ቀርተዋል። የፖሊስ መኮንኑ ኢያን ሄንደርሰን እጃቸውን የሰጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን በመጠቀም መሪውን ከጎሬ ጎሬ ያሳድዷቸው ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1949 ዓ.ም (እአአ ኦክቶበር 21 ቀን 1956) ማለዳ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አራተኛ ዓመት በተከበረ ማግስት፣ ኪማቲ የነብር ቆዳ ለብሰው ከጫካው ዳር ሲወጡ አንድ የአካባቢ ፖሊስ በጥይት እግራቸውን መታቸው። ተጎንጉኖ በወረደ ጠጉራቸው፣ እጃቸው ታስሮ በቃሬዛ ላይ ተኝተው የተነሱት ፎቶግራፍ በመላው አገሪቱ ተሰራጨ። ፎቶግራፉ ተዋጊዎችን ተስፋ ለማስቆረጥ የታሰበ ነበር። በኋላ ግን የነፃነት ትግሉ ዋነኛ ምስል ሆነ።

ችሎቱ በኖቬምበር 1956 በኒየሪ ተቀመጠ። ጉዳዩን የሰሙት የቅኝ ግዛቱ ዋና ዳኛ ኬኔት ኦኮነር ሲሆኑ ሦስት አፍሪካውያን አማካሪዎች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ክሱ አጭር ነው፦ ያለ ፈቃድ አንድ ሽጉጥና ስድስት ጥይት መያዝ። አራት ዓመት ጦርነት የመራ ሰው ስለ ጦርነቱ አልተጠየቀም። ስለ ጦርነቱ ቢጠየቅ ኖሮ ስለ መሬቱና ስለ ምክር ቤቱ ወንበሮች የሚናገርበት መድረክ ይከፈትለት ነበር፤ የመሣሪያ ክስ ግን ያን በር ይዘጋል።

የችሎቱ ሙሉ መዝገብ ለአሥርት ዓመታት ከሕዝብ ዓይን ጠፍቶ ቆይቶ በ2017 በታሪክ ተመራማሪዋ ጁሊ ማክአርተር አሰናጅነት ታተመ። ይዘቱ ኪማቲን በሐውልት ቅርጽ ብቻ ማየት ለለመዱት አንባቢዎች ያልጠበቁት ነበር። መከላከያቸው ከጫካ የወጣሁት እጅ ልሰጥ ነው የሚል ሲሆን የሚጥል በሽታ እንዳለባቸውም ተገልጿል። ይህን ያሉት እውነት ስለሆነ ይሁን ሕይወታቸውን ለማትረፍ ያደረጉት ሙከራ፣ የሚያነበው ሰው የራሱን ፍርድ ይሰጣል። አማካሪዎቹም ዳኛውም አልተቀበሉትም። ሞት ተፈረደባቸው፤ ይግባኙም ለንደን እስከሚገኘው የመጨረሻ ችሎት ደርሶ ውድቅ ሆነ።

በተሰቀሉበት ዋዜማ በኒየሪ ለሚኖሩ አንድ ካቶሊካዊ ቄስ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ስለ ፓርላማም ስለ ማዕረግም አይናገርም። ልጃቸው እንዲማር፣ ቤተሰባቸው እንዲጠየቅ ይለምናል። ባለቤታቸው ሙካሚ በዚያው በካሚቲ የታሰሩ ስለነበሩ ስለ እርሳቸውም ያሳስባል።

ድምፅ የሰጠው ማን ነው?

በማርች 1957 ስምንት አፍሪካውያን ለሕግ አውጭ ምክር ቤት ተመረጡ። ምርጫው እውነተኛ ለውጥ ነበር፤ ቶም ምቦያ ከናይሮቢ፣ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ከንያንዛ፣ ዳንኤል አራፕ ሞይ ከስምጥ ሸለቆ ገብተው የነፃነቱን ድርድር የመሩት ትውልድ ሆኑ። ነገር ግን የመራጩ መመዘኛ የትምህርት ደረጃ፣ ንብረት፣ ገቢና አገልግሎት ሲሆን፣ መመዘኛዎቹን ደራርቦ ያሟላ ሰው እስከ ሦስት ድምፅ ይሰጥ ነበር። የኪኩዩ፣ የኤምቡና የሜሩ ተወላጆች ደግሞ ከዚህ ሌላ ለመንግሥት ታማኝ ስለመሆናቸው የምስክር ወረቀት ማቅረብ ነበረባቸው። ስለዚህ አመፁ የተነሳበት ሕዝብ ብዙኃኑ ከምርጫው ውጭ ቀረ። የማዕከላዊ ክፍለ ሀገርን ወንበር ያሸነፉት ከኪኩዩ ምድር ሳይሆን ከሜሩ የመጡ ዕጩ ናቸው።

ኬንያታም በምርጫው ጊዜ በእስር ላይ ነበሩ። ይሁን እንጂ አቅጣጫው ሊቀለበስ አልቻለም። በ1960 በለንደኑ የላንካስተር ሀውስ ጉባኤ ብሪታኒያ የአፍሪካውያን አብላጫ አገዛዝን ተቀበለች፤ በዲሴምበር 1963 ኬንያ ነፃ ወጣች። ያለ አመፁ ይህ በዚህ ፍጥነት ይመጣ ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ግን ከ1951ዱ ሙሉ እምቢታ ወደ 1957ቱ የተቆነጠረ ምርጫ ያደረሰውን ኃይል ሲፈልጉ የአበርዴርን ጫካ ዘልሎ ማለፍ ያስቸግራል።

ኢትዮጵያዊው «ጄኔራል»

ነፃዋ ኬንያ ለጫካ ተዋጊዎቿ ያሳየችው ፊት ቀዝቃዛ ነበር። ኬንያታ ከእስር ከተፈቱ በኋላ ማው ማውን ተመልሶ መምጣት ከሌለበት በሽታ ጋር አመሳስለው ተናገሩ፤ ያለፈውን ረስተን እንቀጥል አሉ። የሰፋሪዎች እርሻ በብሪታኒያ ብድር እየተገዛ የተከፋፈለ እንጂ ለተነጠቀው የተመለሰ አልነበረም። መግዛት የቻለው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ገንዘብም ሹመትም የነበረው ክፍል ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1950፣ በማው ማው ላይ የተጣለው ሕጋዊ እገዳ ኬንያታንም ሞይንም አሻግሮ እስከ 2003 ጸና። የኪማቲን ጽሑፎች ሰብስበው ያሳተሙት የታሪክ ምሁር ማይና ዋ ኪንያቲ በሞይ ዘመን ስድስት ዓመት ታስረዋል።

እገዳው የተነሳው ምዋይ ኪባኪ በዲሴምበር 2002 በተካሄደው ምርጫ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነው። በዚያ የተስፋ ወቅት ከ1955 ጀምሮ የተሰወሩት ማቴንጌ ሰሜን አቅንተው ኢትዮጵያ ገብተዋል የሚለው አሮጌ ወሬ ነፍስ ዘራ። በሜይ 2003 መጨረሻ አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ገበሬ ጄኔራል ማቴንጌ ናቸው ተብለው በክብር ናይሮቢ ገቡ። አዛውንቱ ኪኩዩኛ አይናገሩም ነበር። እኔ እርሱ አይደለሁም ማለታቸውም ተዘገበ፤ ያም ሆኖ ለቀናት ጋዜጦቹ ሁሉ ስለ እርሳቸው ጻፉ። በመጨረሻ የዘረመል ምርመራ ከማቴንጌ ቤተሰብ ጋር ዝምድና እንደሌላቸው አረጋገጠ፤ ወደ አገራቸውም ተመለሱ። ጉዳዩ ለመንግሥቱ አሳፋሪ ቢሆንም አስቂኝ ብቻ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ጀግኖቿን ያልፈለገች አገር በአንድ ጀምበር ልታገኛቸው ስትቻኮል የደረሰባት ነው።

በ2007፣ ኪማቲ የተሰቀሉበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር፣ ፕሬዚዳንት ኪባኪ በናይሮቢ መሀል በስማቸው በተሰየመው መንገድ ላይ የነሐስ ሐውልታቸውን መርቀው ከፈቱ። በ2013 የብሪታኒያ መንግሥት በማጎሪያ ካምፖቹ ለተፈጸመው ስቃይ የተሰማውን ጸጸት ገልጾ ለ5 ሺህ 228 ሰዎች በድምሩ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ስምምነቱ የተገኘው አዛውንት ኬንያውያን በለንደን ፍርድ ቤት ከፍተው ባሸነፉት የክስ ሂደት ነው። ብሪታኒያ ከቅኝ ግዛቶቿ አሽሽታ በምሥጢር ያከማቻቻቸው ሰነዶች ለአደባባይ የበቁትም በዚሁ ክርክር ምክንያት ነበር።

የኪማቲ አስከሬን ጉዳይ ግን አልተቋጨም። ኔልሰን ማንዴላ ከእስር በተፈቱ በወራት ውስጥ፣ በ1990፣ ናይሮቢን ሲጎበኙ ትግላቸውን ካነቃቁ ሰዎች መካከል የኪማቲን ስም ጠርተዋል፤ ያኔ ማው ማው ገና በሕግ የታገደ ንቅናቄ ስለነበር ንግግሩ አስተናጋጆቻቸውን ምቾት የሚነሳ ነበር። በ2019 በኪማቲ ስም የተቋቋመ ድርጅት መቃብራቸው በካሚቲ ግቢ ውስጥ ተለይቷል ብሎ ቢያስታውቅም አፅማቸው ወጥቶ በወግ አልተቀበረም። በዚያ መሬት ውስጥ የተጣሉት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ስማቸው ያልተጠራ የሌሎች የተሰቀሉ ሰዎች አፅምም አብሮ አለ፤ የአንዱን ከሌላው መለየት ከመንግሥት ፈቃድ በተጨማሪ የዘረመል ምርመራ ይጠይቃል።

ባለቤታቸው ሙካሚ ኪማቲ ከእስር ከተፈቱ በኋላ ልጆቻቸውን አሳደጉ፤ የቀድሞ ተዋጊዎች ቃል አቀባይ ሆኑ፤ በተፈራረቁት መንግሥታት ሁሉ ፊት የባላቸውን አፅም ስጡኝ እያሉ ጠየቁ። በሜይ 2023 አርፈው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በተገኙበት በንያንዳሩዋ አውራጃ ንጃቢኒ ተቀበሩ። ኪማቲ በዚያን ጊዜም በካሚቲ ግቢ ነበሩ።